የዊዳድ ኮምፒውተርና የሐጂ በሺር ጣት

የዊዳድ ኮምፒውተር ለመከፈት ጊዜ እንደሚፈጅ ደሴ ፒያሳ ላይ የማያውቅ የለም። ጠዋት ሱቋን ከፍታ፣ ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ትጫናለች። ከዚያ ወለሉን ትጠርጋለች፣ የመስኮቱን መስታወት ትወለውላለች፣ ከጎኗ ካለው የኩኩ ፀጉር ቤት ጎራ ብላ ያደረውን ወሬ ሁሉ ትሰማለች። ስትመለስ ኮምፒውተሩ ገና ዓይኑን እየገለጠ ነው። ኩኩ ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አያልፋትም፤ ይኸ ያንቺ ኮምፒውተር ከእኔ ደንበኞች የባሰ ነው፣ ተኳኩሎ ሳይጨርስ ሰው ፊት አይቀርብም ትላታለች።

ዊዳድ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ታቀናብራለችም። ይህን ሥራ የሚሠሩ ወንዶች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። እሷ የምትፈለገው ከመጋረጃው ወዲያ ላለው ጨዋታ ነው። በሙስሊሙ ሠርግ ወንዱ ዳስ ውስጥ ለብቻው፣ ሴቷም ጓዳ ለብቻዋ ነው የምትደሰተው። ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ያላቸውን ወርቅ አድርገው፣ ድቤ እየመቱ እስኪበቃቸው ይጨፍራሉ። እዚያ ካሜራ ይዞ የሚዘልቅ ወንድ የለም። ዊዳድ ትዘልቃለች። ራሷ የቀረጸችውን ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ቀጥላ፣ ለሙሽራዋ በእጇ ታስረክባለች። የሙሽራዋ አባት ይሁን ወንድሟ፣ ማንም ወንድ ያንን ፊልም አያይም። አማና፣ አደራ ነው። የዊዳድ ስም የቆመው በዚህ አማና ላይ ነው፤ የደሴ እናቶች ልጃቸውን ሲድሩ ወርቁን ከመግዛታቸው በፊት የእሷን ቀን የሚይዙትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩም እንደ ባለቤቱ ተሸፋፍኖ ይኖራል። ስክሪኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ወንድ ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ብቅ ካለ ደግሞ ዊዳድ ጥቁር ሻሽ ጣል ታደርግበታለች። ኩኩ ይህን ካየች ወዲህ "ወይዘሮ ሻሺቱ" የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙም በአካባቢው ጸደቀ።

ከረመዳን በኋላ የሠርጉ ወራት ሲገባ ግን ወይዘሮ ሻሺቱ ታመመች። የዊዳድ ካሜራ አዲስ ነው፣ የሚያወጣው ምስል ከባድ ነው፤ የኮምፒውተሩ ራም ደግሞ አራት ጊጋ ብቻ ነው፤ በዛሬ ጊዜ በዚህ የእጅ ስልክ እንኳ ይስቅበታል። ዊዳድ አንዲት አጭር ጭፈራ ቆርጣ ለመቀጠል ትእዛዝ ሰጥታው ቤቷ ሄዳ ምሳዋን በልታ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጭራሽ ሳጥኑ እንደ ወፍጮ አጓርቶ፣ የተቃጠለ ነገር ሸትቶ ጠፋ። ነቅላ ሰክታ፣ ዱዓ አድርጋ፣ እንደ ሰው ለምናው እንደገና ሲነሳ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

ያለቀሰችው ለዕቃው አይደለም። ከጦርነቱ በፊት የቀረጸችው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከተማው ሲሸበር ልብሷን ትታ ይህን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ቦሩ ሜዳ አክስቷ ቤት ወስዳ ጭድ ውስጥ ደብቃዋለች። ሲመለሱ የስንቱ ቤት ተዘርፎ፣ የስንቷ ሙሽራ ፊልም ከነቁም ሳጥኑ ተወስዶ ነበር። ቅጂ ፍለጋ የመጡትን በርካታዎቹን ዊዳድ ደስ አሰኝታ መልሳለች። አሁን አሁን ግን የቆዩትን ትልልቅ ፊልሞች ልክፈት ስትለው ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀራል። አንድ ቀን ይዟቸው ይሞታል፤ እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። ሰፋ ያለ ሜሞሪ ያለው ሌላ ኮምፒውተር መግዛት አለባት፤ ያውም የአሮጌውን ውስጥ አንድ ወንድ ሳያይባት።

መጀመሪያ የሄደችው እዚያው ፒያሳ፣ አሚር የሚባል ትሑት ወጣት ሱቅ ነው። አሚር አሮጌውን አምጥታ፣ ገንዘብ ጨምራ አዲስ እንድትወስድ ነገራት፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደግሞ እሱ ራሱ እያየ በነፃ ሊያዘዋውርላት ቃል ገባ። ለሌላ ሰው ይህ ደግነት ነው። ዊዳድ ግን "እያየሁ" የሚለውን ስትሰማ የደሴ ሙሽሮች በሙሉ ፀጉራቸውን በትነው በአሚር ፊት ሲያልፉ ታዩዋትና ሻሿን አጥብቃ ወጣች። ምስኪኑ አሚር ዋጋው የከበዳት መስሎት፣ ቅናሽ አደርጋለሁ እያለ እስከ በር ሸኛት።

ሐጂ በሺር የመጡት በዚህ ሰሞን ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ፋኢዛ ከሞተች ወዲህ ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የአንድ ልጃቸውን የረውዳን ሠርግ የቀረጸችው ዊዳድ ናት። የረውዳም ቅጂ ከተዘረፉት አንዱ ነበር፤ ምትክ ልትጠይቅ መጥታ፣ አልከፈት ካሉት ፊልሞች መሐል ሆኖባት አዝና ተመልሳለች። ሐጂ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ገቡ፤ ተነሱ፤ አልሄዱም። የኮምፒውተሩን ማጓራት ሲሰሙ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ቀረብ ብለው ሳጥኑን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና አዳመጡ።

ይህ የፋብሪካ ልማዳቸው ነው። ሀብሐብ ሲገዙ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ የሰው ግድግዳ ሲደገፉ፣ መጀመሪያ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ ወይ "ይኸ ባዶ ነው" ይላሉ፣ ወይ "ይኸስ አለው" ይላሉ። ሌላ ማብራሪያ የለም። ለወይዘሮ ሻሺቱ የሰጡት ፍርድ ግን ከወትሮው ረዘም ያለ ነበር።

"ይቺስ አላት" አሉ። "ግን ደክሟታል።"

በማግስቱም መጡ። በዚያም ማግስት። ገብተው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ እንዴት አደረች ብለው የሚጠይቁት ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፣ እፍ እፍ እያሉ ያበርዱታል፣ ቀዝቅዞም እፍ ማለታቸውን አይተዉም። መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ይፈልጋሉ፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ያለ ነገሩ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ የአሮጌው ውስጥ እንዳለ ይዛወር እንደሆነ፣ የድሮ የድሮውም ሳይቀር እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ዊዳድ አዎ ይዛወራል ስትላቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ይነሳሉ።

ኩኩ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሷ ትንታኔ ነበራት። የታመመ ኮምፒውተር ሊጠይቅ ሽቶ ተቀብቶ የሚመጣ ሽማግሌ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ዊዳድ ከባሏ ከተለያየች ዓመታት አልፈዋል፤ ሐጂም ብቻቸውን ናቸው፤ ሌላ ምን ይቀራል? ዊዳድ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ተቆጣች። በሦስተኛው ቀን የደመቀ አረንጓዴ ሻሽ አስራ መጣች፤ ሌላው ታጥቦ ስላልደረቀ ነው ስትል ምላለች፣ እኛም እናምናታለን። ያም ሆኖ ማግባት አትፈልግም። ሽማግሌውን ሳታስቀይም እንቢ የምትልበትን ንግግር ምሽት ላይ በልቧ ታጠናው ጀመር፤ የመጀመሪያው ቃል "አክብረውኝ ለዚህ ስላሰቡኝ" የሚል ነበር።

ሐጂ አንድ ቀን መፍትሔ ይዘው መጡ። ኮምቦልቻ ላይ ይስማው የሚባል፣ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ልጅ ኮምፒውተር ይሸጣል፤ ቀጥተኛ ልጅ ነው፤ እሳቸውም ረውዳ እዚያ ስላገባች ልጃቸውን ለማየት መውረዳቸው አይቀርም፤ አብረው ቢሄዱስ? ኩኩ ይህን ስትሰማ የፀጉር ቤቷን በር ዘጋች። እንዲህ ላለው ነገር አንድ እማኝ ያስፈልጋል አለችና ሚኒባሱ ውስጥ ከሁሉም ቀድማ ገባች።

ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሐጂ መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ ኮታቸውን አወለቁ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው። የሦስቱንም ሒሳብ የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የኩኩ ክርን የዊዳድን ጎን ጎሸም አደረገው። ዊዳድ መስኮቱን እያየች ንግግሯን ከመጀመሪያው ጀምራ በልቧ ደገመችው።

ይስማው ተቀብሎ ወንበር ሰጣቸው። የዊዳድ ዓይን ገና ከመግባቷ አንዲት ብርማ፣ ስስ ላፕቶፕ ላይ አረፈ። ይዘዋት ቢሄዱ ሠርግ ቤት ታምራለች፤ አሚርም ቢያያት ይቀናል። ይስማው ግን ሥራዋን ጠይቆ ከሰማ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። በአንድ ጊዜ ብዙ ምስል ከፍቶ ለመቁረጥ ራሙ መስፋት አለበት፣ ሁሉንም ለማስቀመጥ ደግሞ ዲስኩ መስፋት አለበት፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው አላት። በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነገ ራም ልጨምር ቢሉ ቦታ የላትም፤ የአሮጌውንም ዲስክ ውስጧ ማስገባት አይቻልም። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ወፍራም ጥቁር ሳጥን ስቦ አወጣ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ራም አለው፣ ለሌላም ክፍት ቦታ አለው። መልክ ግን የለውም። ኩኩ ሞሰብ ያክላል ስትል አሾፈችበት።

ሐጂ ተነሱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መደርደሪያውን ዞሩ። ላፕቶፗን ኳ ኳ አደረጓት።

"ይቺ ባዶ ናት።"

ጥቁሩን ሳጥን ኳ ኳ አደረጉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

"ይኸስ አለው።"

ይስማው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ዊዳድም ብርማዋን ላፕቶፕ አንዴ ዞር ብላ አየቻትና ጥቁሩን መረጠች። አሮጌውን ዲስክ ማን ይገጥማል የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ፈራች፤ አማናውንም አስረዳችው። ይስማው አልከፋውም። የእኔም እህት ሠርጓን ያስቀረጸችው አንቺ ዘንድ ነው፣ እኔም ሰው እንዲያይ አልፈልግም አላትና ያገለገለ ዲስክ አምጥቶ በመፍቻ እንዴት እንደሚነቀልና እንደሚሰካ አሳያት። እስክትለምደው ድረስ ደጋግማ እንድትሞክር አደረጋት። ዊዳድ የራሷን ኮምፒውተር ሆድ በራሷ እጅ ልትከፍት እንደምትችል ስታውቅ ልቧ ሞላ፤ ከሱቁ ስትወጣ መፍቻውን እንደ ጌጥ ይዛው ነበር።

ደሴ እንደገቡ ሥራው ተጀመረ። ሐጂ በሺር ወንበር ይዘው በሩ ላይ፣ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። ሊገባ የመጣውን ወንድ ሁሉ ቆይ፣ ውስጥ ሕክምና አለ እያሉ ይመልሳሉ። ኩኩ በስልኳ ታበራለች፤ የምታበራው ግን ከዲስኩ ይልቅ የዊዳድን ፊት ነው። ዊዳድ ፈታች፣ ነቀለች፣ ነፋችበት፣ ሰካች፣ አጠበቀች። ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ተጫነች። እንደ ልማዷ መጥረጊያውን ልታነሳ ስትዞር ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ይጠብቃታል። ሁሉም አለ። ከጦርነቱ በፊት ያለውም፣ በኋላ ያለውም። ዊዳድ ሐጂ በሩ ላይ መኖራቸውን ረስታ እልል አለች።

ሥራው አለቀ። ሐጂ ግን አልተነሱም። ጀርባቸውን እንደሰጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንድ ነገር ሊጠይቋት እንደሚፈልጉ፣ ከጠየቁ በኋላ ብትቀየማቸው እንደማይፈርዱባት ነገሯት። ኩኩ የስልኳን መብራት አጠፋች። ዊዳድ ያጠናችው ንግግር ሁሉ በአንድ ጊዜ ብን ብሎ ጠፋባት፤ የቀራትን ብቻ ተናገረች።

"ሐጂ፣ አክብረውኛል። ግን ማግባት አልፈልግም።"

ሐጂ ሳያስቡት ዞር አሉ።

"ማን አግቢ አለሽ?"

ያን ጊዜ የዊዳድ ፊት የመሰለውን እኔ አልናገርም፤ ኩኩ ለወራት ስትናገረው ኖራለች። ሐጂ ራሳቸው ከእሷ የባሰ አፈሩ። መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ፣ ከግንባራቸው አገኙት፣ እንደገና ወደ መንገዱ ዞሩ። የተናገሩትም ለመንገዱ ነው።

"የረውዳ ሠርግ ዕለት እኔ ዳስ ውስጥ ነበርኩ" አሉ። "ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ ሳቁ። ቤቱ እስኪነቃነቅ ነው የሳቁት። ከሁሉ በላይ የፋኢዛን ሳቅ ለየሁት። ማታ ምን አስቆሽ ነው ብላት የሴት ጨዋታ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስጠይቃት ትስቅና ትሄዳለች። ወላሂ ታማ ተኝታ እንኳ ጠየቅኋት፤ ሳቀች፣ አልነገረችኝም። ፎቶዋ አለኝ፣ የመታወቂያ ነው። እሱ ላይ አትስቅም።"

መነጽራቸውን አውርደው ወለወሉ።

"ሌሎቹን አላይም። አማናሽን አውቃለሁ። ድምፁን ብቻ ብታሰሚኝም ይበቃኛል።"

ዊዳድ ምን እንደመለሰች አታስታውስም። ኩኩ ግን ታስታውሳለች፤ ዊዳድ አብሽሩ ሐጂ፣ ነገ ይምጡ ነው ያለቻቸው።

ሲሄዱ ዊዳድ በሩን ዘጋችና ያንን ፊልም ከፈተችው። በአሮጌው ላይ ደርቆ የሚቀረው ፊልም እንደ ውሃ ወረደ። ድቤው፣ ጭብጨባው፣ ሙሽራዋ። ከዚያ መሐል ፋኢዛ ተነሳች። የሐጂን መነጽር ግንባሯ ላይ አድርጋለች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጎበስ ብላ፣ ሴቶቹን ዞረቻቸው። ድቤውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ይኸ ባዶ ነው አለች። የአንዷን አማት ራስ ኳ ኳ አድርጋ፣ ይኸም ባዶ ነው አለች። ከዚያ መነጽሯን ከምንጣፉ ሥር፣ ከሴቶቹ ቀሚስ ሥር፣ ከድቤው ሥር ፈለገች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዊዳድ ያን ቀን እሷም ካሜራዋን ይዛ እንደሳቀች አሁን ትዝ አላት። ፋኢዛ ራሷ ደግሞ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ዊዳድ ጨነቃት። ሰውየው የሚናፍቋትን ሚስታቸውን አሳዪኝ አሉ፤ እሷ ልታሳያቸው ያላት ሚስታቸው ስታላግጥባቸው ነው። ኩኩ ሳቋን ብቻ ቆርጠሽ ስጪያቸው አለቻት። ዊዳድ ግን የጠየቁት ያሳቀውን ነገር ነውና ደብቃ ብታሳያቸው ውሸት ሆነባት። ወደ ረውዳ ደወለች። ረውዳ ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ያዛት፣ ሲወጣላት አባቴን አሳዪው አለች። ዊዳድ ተቀመጠች። ምስሉን ወደ ፋኢዛ ብቻ አስጠግታ፣ በጎንና በጎን ያሉትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ አደበዘዘች። ይህን ሥራ በወይዘሮ ሻሺቱ ልሥራ ብትል እስከሚቀጥለው ረመዳን ባልጨረሰች ነበር።

ሐጂ በማግስቱ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ዊዳድ ስክሪኑን ከግድግዳው አዞረችና ሻሹን አነሳችው። በዚያ ሱቅ ውስጥ ለወንድ ሲነሳ የመጀመሪያው ነው።

ሐጂ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ፈለጉ። በስክሪኑ ላይ ፋኢዛም መነጽሯን ትፈልጋለች። ኩኩ ግንባራቸውን አመለከተቻቸው። አወረዱትና አዩ። ፋኢዛ ድቤውን ስታንኳኳ ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። ዊዳድ ጥፋት የሠራች መስሏት እጇ ወደ ማቆሚያው ሄደ።

"እኔ ነኝ እንዴ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት ሐጂ።"

"እንዲህ ነው የምራመደው?"

ኩኩ አዎ አለች።

ያን ጊዜ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽራቸው በእንባ እየደበዘዘ ሳቁ። ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ነው የምትስቀው አሉ፤ ቅሬታ አልነበረበትም። ፊልሙ ሲያልቅ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፋኢዛ በቆመችበት፣ ስክሪኑን በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው ኳ ኳ አደረጉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"ይኸስ አለው" አሉ።

ዊዳድ ሻሹን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ከመጀመሪያው ከፈተችላቸው።